ኢንዛይምና አጋቹ፦ ከእንገር እስከ ጉሬዛ አንጀት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሊቦ ከምከም ወረዳ አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ፣ በአቅራቢያው ባለው ተራራ ላይ የጣራ ገዳም ደን ይታያል። ገዳሙ ባቆየው በዚህ ደን ወይራን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ዛሬም ተጠብቀው ይገኛሉ። ከተራራው በታች ደግሞ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ተዘርግቷል። በሜዳው ስም የሚጠራው የፎገራ የዳልጋ ከብት ዝርያ በወተቱና ረግረጋማውን መሬት በመቻሉ በአካባቢው አርሶ አደሮች ዘንድ የታወቀ ነው።

በዚህ አካባቢ ላም በወለደች ቁጥር በበረቱ ውስጥ አንድ ረጅም የተፈጥሮ ታሪክ ይደገማል። ጥጃው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠባው ወፍራምና ቢጫማ ወተት፣ ማለትም እንገር፣ ምግብ ብቻ አይደለም። በውስጡ የጥጃው አንጀት ፕሮቲን እንዳይፈጭ ለጊዜው የሚከለክል አነስተኛ ፕሮቲን ይገኛል። ፕሮቲን ፈጪው ኢንዛይምና ይህን ኢንዛይም የሚያግደው ፕሮቲን በአጥቢ እንስሳት አካል ውስጥ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት እንዴት አብረው እንደተለወጡ የሚያጠናው ሳይንስ፣ ከጥጃ አስተዳደግ ጀምሮ እስከ ሳንባ፣ የቆሽትና የካንሰር ሕክምና ድረስ የሚዘልቅ ፋይዳ አለው።

ቆራጩና አጋቹ

ኢንዛይም በሕያዋን አካል ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በቆሽት ተመርቶ ወደ ትንሹ አንጀት የሚፈሰው ትሪፕሲን፣ በምግብ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እየቆራረጠ ለሰውነት እንዲመች ያደርጋል። በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የሚገኘው ኢላስቴዝ ደግሞ ጀርሞችን ለመዋጋት ይውላል።

ነገር ግን ሥጋን የሚቆርጥ ኢንዛይም የባለቤቱን ሥጋም ይቆርጣል። ቆሽት ራሱ ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ሳንባም እንዲሁ። በመሆኑም አካል ቆራጩን ኢንዛይም በሠራበት ሁሉ ሥራውን የሚገታ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ይሠራል። ይህ አጋች ፕሮቲን ይባላል። አጋቹ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ኢንዛይሙ ሊቆርጠው የሚፈልገውን ነገር መስሎ በመቅረብ ነው። ኢንዛይሙ ይነክሰዋል፤ ከነከሰው በኋላ ግን መልቀቅም መጨረስም ይሳነዋል።

የዚህ ዘርፍ ጥናት ከዳልጋ ከብት ጋር ጥብቅ ቁርኝት አለው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሞሰስ ኩኒትዝና ጆን ኖርዝሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ከከብት ቆሽት ትሪፕሲንን የሚያግድ ፕሮቲን ለይተው በክሪስታል መልክ አወጡ። ይህ ፕሮቲን 58 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት እጅግ አነስተኛ ሞለኪውል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በዓለም ላይ ጠለቅ ተደርገው ከተጠኑ ፕሮቲኖች አንዱ ለመሆን በቅቷል። አፕሮቲኒን በሚል ስምም በቀዶ ሕክምና ወቅት የደም መፍሰስን ለመቀነስ የሚያገለግል መድኃኒት ሆኗል።

በእንገር ውስጥ ያለው ጠባቂ

እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ከላም እንገር ውስጥ ትሪፕሲንን የሚያግድ ፕሮቲን በክሪስታል መልክ ተለይቶ ወጣ። ይህ ፕሮቲን በቆሽት ውስጥ ከተገኘው ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። ለምን በእንገር ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ ለመረዳት የላምን እርግዝና መመልከት ያስፈልጋል።

የላም የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን የበሽታ መከላከያ ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ፅንሱ አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ የሚወለደው ከበሽታ የሚጠብቀው ጋሻ ሳይኖረው ነው። ጋሻውን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ሲሆን፣ አንጀቱም እነዚህን ትላልቅ ፕሮቲኖች ሳይፈጩ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገደማ ብቻ ነው። የማሳለፍ አቅሙም ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶችን ማስታረቅ ይኖርባታል። ጥጃው ፕሮቲን ፈጭቶ ማደግ አለበት፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ ግን እነሱም ፕሮቲን በመሆናቸው መፈጨት የለባቸውም። በእንገር ውስጥ ያለው አጋች ፕሮቲን የትሪፕሲንን ጥርስ ለጊዜው በማደንዘዝ ፀረ እንግዳ አካላቱ ሳይበላሹ እንዲያልፉ ይረዳል። ቀናት ባለፉ ቁጥር እንገሩ ወደ ተራ ወተት ሲለወጥ የአጋቹም መጠን ይቀንሳል፤ የጥጃው አንጀትም ወደ መደበኛ ሥራው ይገባል። እናት የምትሠራው አጋችና ልጅ የሚሠራው ኢንዛይም በጊዜ የተሰናሰሉ ናቸው ማለት ነው።

አብሮ መለወጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ፕሮቲን የሚሠራው በዘረመል በተጻፈው መመሪያ መሠረት ነው። ዘረመሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ ለውጥ ያጋጥመዋል። ለውጡ ኢንዛይሙ ከአጋቹ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ ከሆነ ትስስራቸው ሊላላ ወይም ሊጠብቅ ይችላል። ትስስሩ ሲላላ ደግሞ በአጋቹ በኩል የሚከሰት ማካካሻ ለውጥ ለእንስሳው ጥቅም ስለሚሰጥ ተጠብቆ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። አንዱ በተለወጠ ቁጥር ሌላው እየተከተለ መለወጡ ጥምር አዝጋሚ ለውጥ ይባላል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች እኩል ነፃነት የላቸውም። ኢንዛይሙ የመቁረጥ ሥራውን ማጣት ስለማይችል የመቁረጫ ማዕከሉ በአብዛኛው ሳይለወጥ ይቆያል። አጋቹ ግን ኢንዛይሙን በሚነካበት ጫፍ ላይ በስፋት ሊለወጥ ይችላል።

የዚህ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1987 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ቀርቧል። ሮበርት ሂልና ኒኮላስ ሄስቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በአጥቢ እንስሳት ደም ውስጥ የሚገኙ አጋች ፕሮቲኖችን ሲያነጻጽሩ፣ ከኢንዛይሙ ጋር በሚነካካው ክፍል ላይ ያለው ለውጥ ከቀሪው የፕሮቲኑ አካል ይልቅ እጅግ የፈጠነ ሆኖ አገኙት። በተለመደው አስተሳሰብ ለሥራ ወሳኝ የሆነ የፕሮቲን ክፍል ለውጥን ይቃወማል፤ እዚህ ግን የታየው ተቃራኒው ነው። ተመራማሪዎቹ ካቀረቧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ ወደ አካል የሚገቡ ጥገኛ ተሕዋስያን የራሳቸውን ቆራጭ ኢንዛይም ይዘው ስለሚመጡ አጋቾቹ ከእነዚህ ጋር እየተፎካከሩ ተለውጠዋል የሚል ነው።

የሰው ልጅ አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን የተባለው አጋች ፕሮቲን ዘረመል አንድ ብቻ ሲሆን፣ በቤት አይጦች ዘንድ ግን ይኸው ዘረመል ተባዝቶ በርካታ ቅጂዎች አሉት። ቅጂዎቹም በኢንዛይም መያዣ ጫፋቸው ይለያያሉ። ዘረመል ሲባዛ አንዱ ቅጂ የቀደመውን ሥራ ሲቀጥል ሌላው ለአዲስ ሥራ ነፃ ይሆናል። በሚያመሰኩ እንስሳትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ከትሪፕሲን አጋቹ ቤተሰብ የወጡና በእንግዴ ልጅ ውስጥ ፅንሱ ከማሕፀን ጋር በሚጣበቅበት ወቅት የሚመረቱ በርካታ ፕሮቲኖች ተገኝተዋል። እነዚህም በፍጥነት ከሚለወጡ ፕሮቲኖች መካከል ናቸው።

የፈረስ ኮቴ የመሰለው ፕሮቲን

ለዚህ ጥናት ሌላው ዋና ምሳሌ ሪቦኑክሊየስ የተባለው አር ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይምና የእሱ አጋች ነው። የከብት ቆሽት ሪቦኑክሊየስ 124 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ በእሱ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ክርስቲያን አንፊንሰን፣ ስታንፎርድ ሙርና ዊልያም ስታይን እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ሪቦኑክሊየስ ከሴል ውጭ የሚሠራ ኢንዛይም ነው። በስህተት ወደ ሴል ውስጥ ቢገባ ግን ሴሉ ፕሮቲን ለመሥራት የሚጠቀምበትን አር ኤን ኤ ቆራርጦ ሊገድለው ይችላል። ስለሆነም በአጥቢ እንስሳት ሴሎች ውስጥ ሪቦኑክሊየስን የሚያስር አጋች ፕሮቲን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ቅርጹ ሲታወቅ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ሆኖ ተገኘ፤ ኢንዛይሙንም በኮቴው ክፍት ቦታ ያቅፈዋል። ትስስራቸው በተፈጥሮ ከሚታወቁት ሁሉ ጥብቅ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ አንዴ ከተያያዙ በኋላ ለመለያየት ሳምንታትና ወራት ይፈጅባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በሮናልድ ሬይንስ የሚመራ የአሜሪካ የምርምር ቡድን ይህ አጋች ፕሮቲን ከአጥቢ እንስሳት ውጭ በዶሮና በእንሽላሊት ውስጥም እንደሚገኝ አሳየ። የጥናቱ ዋና ውጤት ግን ሌላ ነበር። የዶሮና የእንሽላሊት አጋቾች የየራሳቸውን ኢንዛይም ከአጥቢ እንስሳት ኢንዛይም ይልቅ እጅግ አጥብቀው ይይዛሉ። ወፎችና አጥቢ እንስሳት ከጋራ ቅድመ አያት ከተለያዩ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ኢንዛይሙም አጋቹም ተለውጠዋል፤ ነገር ግን በየወገናቸው ተጠባብቀው ስለተለወጡ ጥምረታቸው አልፈረሰም። የአንዱን ቤት ቁልፍ በሌላው ቤት ቁልፍ ለመክፈት ሲሞከር እንደማይገጥም ሁሉ፣ የዶሮው አጋችም ለላሟ ኢንዛይም በሚገባ አይገጥምም።

ከዚህ ጥምረት ያመለጠ ኢንዛይምም አለ። በኮርማ የዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ሪቦኑክሊየስ ከቆሽቱ ኢንዛይም ዘረመል መባዛት የመጣ ነው። ሁለት ሞለኪውሎች ተጣምረው ስለሚኖሩ አጋቹ ሊያቅፋቸው አይችልም። በዚህም ምክንያት ወደ ሴል ሲገባ ሴሉን የመግደል ባሕርይ አለው።

ላምና ጉሬዛ በአንድ መንገድ

በኢትዮጵያ ደኖች የሚኖረው ጥቁርና ነጭ ፀጉር ያለው ጉሬዛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ጀርመናዊው ተጓዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርን ጨምሮ ሰሜን ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ፣ በ1835 ለእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት የአማርኛ መጠሪያውን እንዳለ ወሰደ። ዛሬም በዓለም ሳይንስ የሚታወቀው ጉሬዛ በሚለው ስሙ ነው።

ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ቅጠልን ለመፍጨት እንደ ላም ሁሉ በጨጓራው የፊት ክፍል ባክቴሪያዎችን ያኖራል። ባክቴሪያዎቹ ቅጠሉን ያፈላሉ፤ በኋላም ራሳቸው ወደ አንጀት ወርደው ምግብ ይሆናሉ። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባ በመሆኑ በአር ኤን ኤ የበለጸገ ነው። በዚህ አር ኤን ኤ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን መልሶ ለመጠቀም ብዙ ሪቦኑክሊየስ ያስፈልጋል። የሚያመሰኩ እንስሳት ቆሽት ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ይልቅ በዚህ ኢንዛይም የበለጸገ የሆነውም ለዚህ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1969 ተገልጿል።

ጂያንዥ ዣንግ የተባለው የዘረመል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ የሪቦኑክሊየስ ዘረመል በእስያ ቅጠል በል ዝንጀሮዎችና በአፍሪካው ጉሬዛ በየፊናው መባዛቱን አሳየ። በሁለቱም ወገን አዲሶቹ ኢንዛይሞች ጎምዘዝ ባለው የቅጠል በሎች አንጀት ውስጥ በተሻለ ሁኔታ እንዲሠሩ ተለውጠዋል። ከዚያም አልፎ አንዳንዶቹ የአሚኖ አሲድ ለውጦች በሁለቱ አህጉራት ተመሳሳይ ሆነው ተገኝተዋል። በሁለቱም ዘንድ የቀደመው ቅጂ በቦታው ስለቀረ የጥንቱ ሥራ አልተጓደለም።

የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርሰው ላይሶዛይምም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ ጥናት የላምና የቅጠል በል ዝንጀሮ የጨጓራ ላይሶዛይም፣ በዝምድና ሳይሆን በአኗኗር ተመሳሳይነት የተነሳ የጋራ ለውጦችን ማሳየቱ ታውቋል። በዚህኛው ፍልሚያ አጋቹን የሚሠራው ግን እንስሳው አይደለም። ኢ ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች የእንስሳውን ላይሶዛይም የሚያግድ ፕሮቲን በራሳቸው ይሠራሉ።

ሚዛኑ ሲዛባ

የኢንዛይምና የአጋች ጥምረት ምን ያህል ስስ ሚዛን እንደሆነ የሚያሳዩት በሰው ላይ የሚታዩ ሕመሞች ናቸው።

የመጀመሪያው የሳንባ ነው። አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን በዘር ምክንያት ሲጎድል፣ ኢላስቴዝ ያለ ከልካይ የሳንባን ሕብረ ሕዋስ ያጠፋል። ይህ ጉድለትና ከሳንባ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1963 በስዊድን ታወቀ። የሲጋራ ጭስም በዚሁ አጋች መያዣ ጫፍ ላይ ያለውን አሚኖ አሲድ በማበላሸት ሥራውን ያዳክማል። አጫሽ የሆነና ጉድለቱ ያለበት ሰው ሳንባው ፈጥኖ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የቆሽት ነው። ትሪፕሲን ከጊዜው ቀድሞ በቆሽት ውስጥ ሥራ ቢጀምር ቆሽቱ ራሱን ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዘር የሚተላለፍ የቆሽት ብግነት ከትሪፕሲን ዘረመል ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። በ2000 ደግሞ በቆሽት ውስጥ ያለውን የትሪፕሲን አጋች የሚሠራው ዘረመል ሲለወጥ ለተመሳሳይ ሕመም እንደሚያጋልጥ ተረጋገጠ። ቆራጩ ቢበረታም ሆነ አጋቹ ቢደክም መጨረሻው አንድ ነው።

ሦስተኛው የአንዲት ነጥብ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የተዘገበ አንድ ታማሚ፣ በአልፋ 1 አንቲትሪፕሲኑ ላይ 358ኛው አሚኖ አሲድ ተለውጦ ተገኘ። በዚህ አንድ ለውጥ ብቻ የሳንባ ጠባቂ የነበረው ፕሮቲን ደም የሚያረጋውን ኢንዛይም የሚያግድ ሆነ፤ ታማሚውም ለከባድ የደም መፍሰስ ተዳረገ። በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ አዲስ አጋች የሚወለድበት መንገድ ይኸው ነው፤ ለአንድ ግለሰብ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል።

ተመራማሪዎች ይህን ዕውቀት ለሕክምናም አውለውታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የከብት ሪቦኑክሊየስ አንድ አሚኖ አሲዱ ተለውጦ ከአጋቹ እንዲያመልጥ ሲደረግ፣ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎችን መግደል ጀመረ። ከሰው ሪቦኑክሊየስ በዚሁ ስልት የተሠሩ ኢንዛይሞችም በሕሙማን ላይ ወደሚደረግ ሙከራ ደርሰዋል።

ለበረቱና ለአራሷ ቤት

ይህ ዕውቀት በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ካለው የዕለት ኑሮ የራቀ አይደለም። የፎገራን ዝርያ ለመጠበቅና ለማሻሻል በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሥራዎች ሲከናወኑ ቆይተዋል። የተሻለ ዝርያ ጥጃ ግን በመጀመሪያው ቀን እንገር ካላገኘ በተቅማጥና በሳንባ ምች የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እንገር በብዙ ቤቶች ለቤተሰብ ይቀቀላል፤ ለጎረቤትም ይላካል። ባህሉ መልካም ቢሆንም ቅድሚያ ለጥጃው ሊሆን ይገባል። ጥጃው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻልም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እስኪጠግብ ሊጠባ ይገባል። ጠንካራ ሙቀት ፀረ እንግዳ አካላቱንም አጋች ፕሮቲኑንም ስለሚያበላሽ፣ በሰው እጅ የሚመገብ ጥጃ የተቀቀለ እንገር ሊሰጠው አይገባም።

የሰው እንገርም እንዲሁ ነው። የሰው ልጅ ከላም በተለየ ከፀረ እንግዳ አካላቱ ከፊሉን በእንግዴ ልጅ በኩል ቀድሞ ያገኛል፤ የአንጀቱን ጠባቂዎች ግን የሚያገኘው ከእናቱ ጡት ነው። በእናት የመጀመሪያ ወተት ውስጥ አልፋ 1 አንቲትሪፕሲንን ጨምሮ አጋች ፕሮቲኖች ይገኛሉ፤ መጠናቸውም ከኋለኛው ወተት ይልቅ በእንገሩ ከፍ ያለ ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች እንገሩን አልቦ መድፋትና ለሕፃኑ ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ማቅመስ እስካሁን አልቀረም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፤ ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጥባት ይጀምር፣ እስከ 6 ወርም ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም አይቅመስ።

ቢጫ በመሆኑ የተበላሸ የሚመስለው እንገር፣ ቆራጩ ኢንዛይምና አጋቹ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሲመዛዘኑ ቆይተው ለአዲስ ተወላጅ ያዘጋጁት ስንቅ ነው። ለጥጃም ሆነ ለሕፃን ዋጋው የሚበልጠው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲደርስ ነው።